ገብስ ለማጨድ የሚያገለግል ቃል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ይድረስ ለክቡር የፓርቲው የወረዳችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ድምፅ ማጉያዎም ሳይቀር ደኅና ናቸው? እኛ ከጉና ሥር ያለነው፣ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እኔ በደብራችን ዜማ የማስተምር፣ በተረፈኝ ጊዜ የማርስ ሰው ስሆን፣ ክቡርነትዎን በማይረባ ነገር ማስቸገር ከብዶኝ ቢቆይም፣ ነገሩ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ወንፈልን ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። ወንፈል ማለት ከአያቶቻችን ጀምሮ ዛሬ የእኔን ማሳ ነገ የጎረቤቴን እያልን በተራ የምንተጋገዝበት ሥራ ነበር። በክረምቱ ስብሰባ ላይ ግን ወንፈል ማለት የፓርቲው የመንደር ሕዋስ መሆኑን በትዕግሥት አስተማሩን። እኔ የዋሁ ገብሴ ሲደርስ እንደ ልማዴ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሜ ለማክሰኞ ወንፈል እንዳለኝ ብናገር፣ ጎረቤቶቼ አባል ተብለው እንዳይቆጠሩ ፈርተው መሬት መሬቱን እያዩ ተበተኑ። ማክሰኞ የመጡት የእርስዎ ሰዎች ብቻ ናቸው። አንድ ጥግ አጭደው፣ ባነር ዘርግተው ፎቶ ተነሥተው፣ ጠላውን ጨርሰው ሄዱ። ጥጓ በጣም አምሮባታል፤ በሰው ስልክ አይቻታለሁ።

ሁለተኛ፣ እንግዲያውስ ደቦ ልበል ብዬ ነበር። ለካስ ተቀናቃኞችዎ ቀድመውኛል፤ ደቦ የእነሱ ንቅናቄ መጠሪያ ሆኗል። ይህን የተረዳሁት ደቦ በጠራሁ ማግስት ቀበሌ ተጠርቼ ማን እንደላከኝ ስጠየቅ ነው። ገብሱ ነው የላከኝ ብል ጠያቂዬ አልሳቀም። በሌላ በምንም የማትስማሙ ሁለት ወገኖች የእኛን ቃል ለመከፋፈል መስማማታችሁን ሳይ ግን፣ ስለ አገሬ ተስፋ አልቆረጥሁም።

ሦስተኛውን የምጽፈው በንዴት ነው። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ሰማዩን ሲያጠቁረው፣ ባለቤቴ እቴነሽ ማጭድ ይዛ አጥሩ ሥር ቆመች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ጎረቤታችን ዘውዱ አያትና የራሱን ማጭድ ይዞ መጣ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ተከተሉ። ዘፈንም ጨዋታም በሌለበት፣ እንደ ሌባ ትንፋሻችንን ውጠን አጨድን። እንዲህ ያለ አጨዳ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ዝናቡ ሳይመታው ገብሴ ገባ።

በማግስቱ ዘውዱ ተያዘ። ያለ ጥሪ መሰብሰባችን ድብቅ ስብሰባ ነው ተባለ፤ እሱም ቀድሞ ስለደረሰ አስተባባሪ ሆነ። አሁን የእሱ ገብስ ማሳው ላይ ቆሟል፣ ሚስቱ ዘነበች አራስ ናት፣ ተራው ደግሞ የእሱ ነው። ሰው ልጥራ ብል የምጠራበት ቃል የለኝም፤ ዝም ልበል ብል ዝምታውም ወንጀል ሆኗል። ወዴት እንግባ? እባክዎ ዘውዱን ይፍቱልን። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለምነው፤ ሰውየው ያጠፋው ጥፋት ቢኖር ጎረቤት መሆኑ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሰፋፊ ባነር፣ ለሁላችንም መጠነኛ ዝናብ እየተመኘሁ፣ እስካሁን ባለቤት ባልወጣላቸው ጥቂት ቃላት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ አስረስ በላይነህ

ማስታወሻ፦ ነገ ጧት የዘውዱን ገብስ ብቻዬን ላጭድ እወጣለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያጭድ በእናንተ ዘንድ ምን እንደሚባል ከወዲሁ ቢያስታውቁኝ፣ ከማጭዴ ጋር ጋቢዬንና ስንቄንም ይዤ እወጣለሁ።