ፍየል የማይበላው ጎመን

የካ፣ ሐምሌ 1953 ዓ.ም.

ውድ አበልጄ ግራዝማች ሀብተወልድ፣

«ውድ» ያልኩዎ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጤናዎን አልጠይቅም፤ ናዝሬት ላይ ቆዳ እየገዙ ደህና እንደሆኑ ሰምቻለሁ።

ባለቤቴን ሎሚን ሆስፒታል ወስጃት ነበር። መዳፏ እንደ ዛፍ ቅርፊት ደድሯል፤ እግሯ መሬት ሲረግጥ አይሰማትም። ሐኪሙ «የምትበሉት ጎመን ከየት ነው?» አለኝ። ከግራዝማች የቆዳ መጋዘን ሥር ካለው ማሳ ነው አልኩት። ቆዳው ብል እንዳይበላው የሚነከርበት ነጭ ዱቄት አርሴኒክ የሚባል መርዝ ነው አለኝ። እጣቢው በቦዩ ወደ ማሳው ሲፈስ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል፤ ተክሉ በሥሩ ይመጥጠዋል። ብንቀቅለውም አይለቅም። ጂቱንም አየልኝ። የክርስትና ልጅዎ መዳፍ መሻከር ጀምሯል።

አያውቁም ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩልዎ። ልነግርዎ ሲግናል ሰፈር ቤትዎ ብመጣ ናዝሬት ሄደዋል። ጓሮ ስዞር ወጥ ቤትዎ አገርነሽ፣ ሎሚ በስጦታ የላከችልዎን ጎመን ጉድጓድ ውስጥ ስትደፋ አገኘኋት።

«አንቺ፣ ለፍየሎቹ አትሰጪም?»

«ወይ በዳዳ፣ ልታስባርረኝ ነው? ጌታዬ ከታችኛው ማሳ የመጣ ፍየሎቼ አፍ እንዳይገባ ብለዋል። አምና ሞተውባቸው የለ!»

«እኛስ?»

«እናንተማ ለምዳችሁታል» ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

አምና! አምና አይደል «የእኔን ድርሻ ከላይኛው ማሳ አድርገው፣ ታችኛው ለእናንተ ይሁን» ያሉኝ? ጉልበትዎን ስሜ ነበር።

ትናንት ጎመኑን ነቅዬ ቀበርኩት። ዛሬ ጠዋት ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት። እጣቢው ተመልሶ መጋዘኑ ገብቷል፤ የታችኛው ክምር መራስ ጀምሯል። ዘበኛዎ ሁሴን «አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ!» እያለ አካፋ ይዞ መጣ። የጂቱን መዳፍ ዘርግቼ አሳየሁት። አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ።

ከመሬቴ ውጣ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ራስዎ መጥተው፣ የልጅቷን እጅ እያዩ ይንገሩኝ። በጂቱ ስም ብጠራዎ እንደማይመጡ ገብቶኛል፤ ስለዚህ በቆዳዎ ጠራሁዎ። ቦዩ ላይ ተቀምጬ እጠብቅዎታለሁ።

በዳዳ ኢቲቻ