ከሃያ አራት ዓመት በኋላ የሰጠሁት ደም

ጥቅምት 9። ዛሬ ደሜን ተቀበሉኝ።

ቀጮ፣ ይህች ፖስት ካርድ ትንሽ ናትና ዋናውን ልንገርህ። እህቴ ነገ ቀዶ ጥገና አላት፤ ከዘመድ ሁለት ሰው ደም ካልሰጠ ቀጠሮው ይተላለፋል። አንዱ ባሏ ነው፣ ሌላው እኔ ብቻ ነኝ። ቅጹን ስሞላ፣ ከሃያ አራት ዓመት በፊት ሚስትህ ስትወልድ ደም ሲፈሳት፣ ደም እንስጥ ብንል አንተንም እኔንም ከበር እንደመለሱን ትዝ አለኝ። ተማሪ ሳለን የእብድ ላም በሽታ በገባበት አገር ስንት ዓመት ሥጋ እንደበላን ታውቃለህ። በሽታው የሰውን አንጎል ወንፊት የሚያደርግ፣ ለዓመታት ተደብቆ የሚቆይ ነውና ያኔ አልፈረድኩባቸውም።

"ስለዚያ አገር የሚጠይቀው ጥያቄ የታለ?" አልኳት ነርሷን።

"ተሰርዟል፣ ጋሼ። ተጠንቶ ስጋቱ ኢምንት ነው ተባለ።"

"ኧረ እኔ የበላሁት ብዙ ነው!"

"ደምዎን እንጂ ምሳዎን አልጠየቅኩም። እጅጌዎን ይሰብስቡ።"

ከረጢቱ ሲሞላ እንደ ልጅ ሳቅሁ! ይህን ሁሉ ዓመት ደሜን እንደ ተበላሸ ዕቃ ነበር የማየው። እኛ በምንኖርበት አገር ጥያቄው ገና ቅጹ ላይ ይኖር ይሆናል፤ ካርዷ እንደደረሰችህ ሄደህ አጣራ። ሚስትህን ሳምልኝ፤ የያኔዋን ጨቅላም፣ አሁን በቁመት በልጣሃለች አሉ።

ቦታ አለቀ። ነርሷ ሩብ ሰዓት እንድቀመጥ አዝዛኛለች፤ ግን ደም መስጠቴን የሚያሳየውን ወረቀት እህቴ የተኛችበት ክፍል ማድረስ አለብኝ። ጥጡን ክንዴ ላይ እንደያዝኩ ወጣሁ።