ከታች ሁለት ጣት

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ሚያዝያ 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሽኩር ከሊፋ
ምጽዋ

አሰላሙ ዓለይኩም።

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። ብጠይቅህ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትለኛለህ፤ ይህንን መልስ ስድስት ወር ሙሉ ሳነብ ኖሬ ጠግቤዋለሁ። እኛ ግን ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሶላታቸውን አልተዉም። ልጃችን ሚስኪ ከባሏ ጋር ቀራንዮ በኩል ሁለት ክፍል ተከራይታ ገብታለች። ፎቶ ቤቱም በየቀኑ ክፍት ነው፤ ዛሬ ብቻ ዘግቼዋለሁ፣ ደንበኛ ላይ እንዳልጮህ ብዬ።

ስትሄድ ያልከኝን ላስታውስህ። ጥቅምት ላይ ነው። «ፖስታ ካርድ የሚያሳትሙት ሰዎች የባሕር ፎቶ አዘዙኝ፣ ለረመዳን ዒድ እመለሳለሁ» አልክ። እኔም ስንቅህን ቋጥሬ ሸኘሁህ። ዒድ መጣ፣ አንተ አልመጣህም። «ብርሃኑ አልተመቸኝም» ብለህ ጻፍክ። ጥር ላይ ፊልምም አልላክህም፤ «የምጽዋ ዝናብ በበጋ ነው፣ ደመና ነበር» አልክ። የካቲት ላይ ልጅህ ስትዳር ለኒካሁ አባት ያስፈልጋል ብለን ብንጽፍልህ፣ ወንድምህን ጀላልን ወክለህ ወረቀት ላክህ። ያንን ደብዳቤህን አሁንም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጨዋለሁ። «ማታ ማታ ውሃው ላይ የሚወርደው ብርሃን በዓመት አንዴ የሚገኘው አሁን ነው» ይላል። ሚስኪ አንብባው አጥፋ መለሰችልኝ። ያን ቀን አንተን ብቻ ሳይሆን ፀሐይዋንም ጠላኋት።

ሰውም አፉን አልዘጋም። ጎረቤታችን ዘነበወርቅ እንኳ፣ የምትወድህ ሴት፣ ቅቤ ልታቀብለኝ መጥታ «አንቺ፣ ባልሽ ዓሣ አገባ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁላት። ከሄደች በኋላ ግን ጨለማው ክፍል ገብቼ ቀዩን አምፖል አብርቼ፣ ምንም የማጥበው ፊልም ሳይኖረኝ ብዙ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ወደ ፊልሙ ልምጣ።

ከየካቲት ወዲህ ከእያንዳንዱ ጥቅል ጋር የምትልካትን ወረቀት ታውቃታለህ። «ሃጂራ፣ ከታች ሁለት ጣት ቁረጪ፤ አሸዋው ዓይን ይስባል፣ ሰዎቹ የሚፈልጉት ውሃውን ነው።» እኔም ሥራውን የተማርኩት ካንተ ስለሆነ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ስታስተምረኝ «እጅሽ ይታዘዝ፣ ዓይንሽ በኋላ ይገባዋል» ትል አልነበር? ታዘዝኩ። የየካቲቱን ቆረጥኩ፣ የመጋቢቱን ቆረጥኩ። ቆርጬም ለፖስታ ካርዶቹ ሰዎች ወስጄ አስረከብኩ። አመሰገኑኝ፣ እኔም ኮራሁ፤ እንዲህ ያለች ሞኝ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ገሜዳ ከምጽዋ የጨው ጭነቱን ይዞ ሲገባ አዲሱን ጥቅልና ደብዳቤህን አቀበለኝ። እንደ ሁልጊዜው «እንዴት ነው ባለቤቴ?» አልኩት። እንደ ሁልጊዜውም የመኪናውን ጎማ እያየ «ደህና ነው፣ እትዬ» አለኝ። ደብዳቤህን ከፈትኩ፤ እስከ መስከረም አልመጣም ትላለህ። ብርሃኑ ገና ነው ትላለህ። ከሥሩም፣ ከታች ሁለት ጣት ቁረጪ።

ደሜ ፈላ። ለእናቱና ለልጁ መስከረም እያለ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው እኔን ደግሞ ቁረጪ ብሎ ያዝዘኛል እንዴ ብዬ መቀሱን ወረወርኩት። ፊልሙን አጠብኩ፣ ማጉያውን ከፍ አድርጌ አንዷንም ጥግ ሳልነካ ሙሉውን አተምኩ። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲጠቁር መጀመሪያ ባሕሩ መጣ፣ ከዚያ ደመናው፣ ከዚያ አሸዋው። አሸዋው ላይ ጥላህ ወጣ።

ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርገህ ነው ያነሳኸው። የካሜራውን የማንሻ ገመድ ይዘህ ከጎኑ ቆመሃል። የካሜራው ማቆሚያ ሦስት እግሮች ጥላም እዚያው አሸዋው ላይ ተጋድሟል፣ ሦስቱንም ቆጠርኩ። አራተኛው ካንተ ብብት ሥር ነው የወጣው።

ዓይኔ ነው ብዬ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አቀረብኩት። ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ አውርጄ የድሮዎቹን ኔጋቲቮች አንድ በአንድ አየሁ። የታኅሣሡ ላይ ቀጥ ብለህ ቆመሃል፣ ባርኔጣህ ሳይቀር ይታያል። ጥር የለም። የካቲት ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ምርኩዝ ይዘሃል። መጋቢት ላይ አንድ ቀረ። እኔ በገዛ መቀሴ የቆረጥኩት፣ ቁርጥራጩንም ከጨለማው ክፍል ጠርጌ የጣልኩት፣ ያንተን መከራ ነበር።

ሲነጋ ገሜዳን ገበያው አጠገብ ጎማ ሲያስሞላ አገኘሁት። ፎቶውን ዘርግቼ አሳየሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እትዬ ሃጂራ፣ በልጆቼ አስምሎኝ ነው።»

«መሐላህን እኔ ተሸክሜልሃለሁ። ተናገር።»

ነገረኝ። ለዒድ ሳምንት ሲቀረው፣ ወደዚህ ልትመጣ ዕቃህን ሸክፈህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ላንሳት ብለህ ባሕሩ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ወጣህ። ድንጋዩ ርጥብ ነበር። ቀኝ እግርህ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አርባ ቀን ተኛህ፤ አጥንቱም ጠምሞ ገጠመ። ካሜራውን ግን ደረትህ ላይ አቅፈህ ስለወደቅክ አልተጫረም አሉ። እንኳን ደስ አለህ።

«ታዲያ ለምን አይመጣም?» ብዬ ጠየቅሁት። ገሜዳ ካርቶን እንደሚጭን ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ «ልጄ ስትዳር እያነከስኩ ገብቼ አላሳፍራትም ብሎ ነው። ቀጥ ብዬ መሄድ ስችል እመጣለሁ ይላል» አለኝ።

ሽኩር፣ አሁን ደህና አድርገህ ስማኝ። እኛን ማን ናቸው ብለህ ነው የገመትከን? ያቺ ልጅ ገና አራት ዓመቷ ሳለ ፈንጣጣ ፊቷን ሲያበላሸው፣ «ፊትሽን ወደ ፀሐይ አዙሪ፣ የኔ ልጅ፣ የሚደበቅ ነገር የለሽም» ብለህ በር ላይ አስቁመህ ያነሳሃት አንተ አይደለህም? ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅሏል። የገዛ ፊቷ ያላሳፈራትን ልጅ ያንተ እግር ነው የሚያሳፍራት? እሷ ያፈረችው አባቷ ከሷ ይልቅ ማዕበል መረጠ ብላ ነው። ሙሽራ ሆና አንገቷን የደፋችው ለወጉ መሰለህ? ይህንን ያደረገብን ስብራቱ አይደለም፣ ዝምታህ ነው።

ደግሞ ካንተ አፍ የማይጠፋውን ነገር ላንሳልህ። እኔ በመብራት ጉርድ ፎቶ ሳነሳ «የአምፖል ብርሃን ውሸታም ነው፣ የፀሐይ ብርሃን ግን ያለውን ነው የሚያሳየው» እያልክ ስንት ዓመት ስታላግጥብኝ ኖርክ። እውነትህን ነው። ብርሃኑ አልዋሸም። ሁሉን ነገር አንድም ሳያስቀር አሸዋው ላይ ጽፎት ነበር። የዋሸው መቀሱ ነው፣ መቀሱን ያስያዝከውም እኔን። አንተ ብቻህን ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ያልቃል ሲባል አልሰማህም?

ሐሙስ ገሜዳ ይነሳል፣ እኔም ጋቢናው ውስጥ እቀመጣለሁ። ጀላል «ሴት ልጅ ከሾፌር ጋር ያን ሁሉ አገር አቋርጣ» እያለ ሲያጉረመርም «እንግዲያው አንተም ና» አልኩት፤ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ይንገላታ። ይህ ደብዳቤ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ይቀድመኛል። ሰምተህ ወደ ደሴቶቹ በጀልባ እንዳትሸሽ፤ በአንድ ምርኩዝ የትም አትደርስም። እናትህ የምርኩዙን ነገር ሰምተዋል። አለቀሱ፣ ከዚያ የራሳቸውን ከዘራ አመጡና «የሱ የባሕር እንጨት ይሆናል፣ ይሄ ወይራ ነው» ብለው ሰጡኝ። ይዤልህ እመጣለሁ። ስትመለስ እኩል እያነከሳችሁ ሶላት ትሄዳላችሁ።

ሚስኪም ሰምታለች። «ምን ብዬ ልንገራት?» ብዬ ለራሴ ስጨነቅ እሷ ራሷ መጣች፣ ፎቶውን ከታኅሣሡ ኔጋቲቭ ጎን አስቀምጣ አየች። ከዚያ «እማ፣ ባርኔጣውስ የት ሄደ?» አለች። አዲስ ባርኔጣ ገዝታ ሻንጣዬ ውስጥ ከትታለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ፎቶ ልኬልሃለሁ። የሠርጉ ነው፤ ያለህ መስሎህ እንዳትጥለው። የልጄን ሠርግ ሌላ ሰው አያነሳውም ብዬ እኔው ነኝ ያነሳሁት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች። የዚያን ጊዜ የላክሁልህን ከታች ሁለት ጣት ቆርጬው ነበር። «ደስ ብሎን ዋልን፣ ማንም አልጎደለም» ብዬም ጽፌልህ ነበር። አሁን ሙሉውን እየው። ሚስኪ እግር ሥር የወደቀው ጥላ የኔ ነው። አንድ እጄ ካሜራውን ይዟል፣ ሌላው የሻርፔን ጫፍ ዓይኔ ላይ ይዟል።

አላህ እግርህን ያበርታልህ። ልብህን ደግሞ መጥቼ እኔ አበረታታዋለሁ ወይም እሰብረዋለሁ፣ እዚያ ስደርስ እንተያያለን። እስክደርስ ድረስ ድንጋይ ላይ አትውጣ።

ባለቤትህ
ሃጂራ

መቀሱን ቤት ትቼው ነው የምመጣው።