ንጹሑን አይላኩልኝ

አባባ፣ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍዎስ? ምግብ ይበላልዎታል? ከእንጨት ሥራ ቤትዎ ወደ ላይ ያለውን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ ወይስ መሐል ላይ ይቆማሉ? ይህን የመጨረሻውን እንደ ሰላምታ አይለፉት፤ ኋላ እመለስበታለሁ። እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት?

እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ስንት ጊዜ በውሸት እንደጻፍኳት ትዝ ብሎኝ ነው። ዛሬ ግን እውነት ናት።

ሳንባዬን ሊቆርጡኝ ነበር። አልነገርኩዎትም፣ ይቅር ይበሉኝ። የግራው የታችኛው ክፍል ነው፤ ልጅ ሳለሁ ታሞ አልድን ያለው። ሐኪሙ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ የአየር ቧንቧዎቼ እንደ ላላ የካልሲ አፍ ሰፍተው መቅረታቸውን አሳየኝ። የሚሠራውን መድኃኒት ለመምረጥ አክታሽ ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ ማወቅ አለብኝ፣ መድኃኒት ካልያዘው ግን የተጎዳውን ክፍል እናወጣዋለን አለኝ። አክታዬን የማመጣባት ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? አይሳቁብኝ። ጠዋት ያንን አረንጓዴውን አክታ እንደ ልማዴ በር ዘግቼ አስወገድኩት። አፌን ሁለት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ። ከዚያ ጥርት ያለውን ምራቄን ሞልቼ፣ ዕቃዋን ከላይ በሳሙና አጥቤ፣ በተተኮሰ መሐረብ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። ለተከበረ ሰው ያንን እንዴት ይሰጡታል? ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ሦስት ጊዜም ተራ የአፍ ባክቴሪያ እንጂ ሌላ አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። በግምት የታዘዘልኝ ኪኒን አልሠራም። ትኩሳቱ ተመላለሰ። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። ጥፋቱ የኔ መሆኑ ግን አልታየኝም። እንዲያውም በውስጤ ሳልኮራ አልቀረሁም።

የነቃሁት ሥራ ቦታ ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤት እንደምተኩስ ያውቃሉ። በልቤ እንዶድ የምላት አለቃችን ናት ልብስ የምትቀበለው። አንድ ሰው የጠረጴዛ ልብስ አመጣና እድፉን ወደ ውስጥ አጥፎ ሰጣት። ዘረጋችው። «ጌታው፣ እኔ እኮ አማትዎ አይደለሁም» አለችው። «የፈሰሰበትን ካላወቅኩ በምን አስለቅቀዋለሁ?» ካውያው እጄ ላይ ቀረ። ጨርቁ ሊቃጠል ነበር።

እርስዎ በልጅነቴ እንደነበሩት በዓይኔ መጡብኝ። በየጠዋቱ መጋዝ ከመያዝዎ በፊት። የአልጋዬን ግርጌ በሁለት ጉማጅ እንጨት ከፍ አድርገው፣ በደረቴ አስተኝተው፣ መዳፍዎን እንደ ጭልፋ አጉብጠው ጀርባዬን ሲመቱ። ጎረቤት ልጁን ቁልቁል ያስተኛታል ብሎ አማዎት። ወንድሜ ሞተሯ ዛሬም ካልተገፋች አትነሣም እያለ ይስቃል። ከዚያ አክታዬን የተፋሁበትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡና፣ ጣውላ መጉበጡን እንደሚያዩ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ያዩታል። ትናንት ቢጫ ነበር፣ ዛሬ ነጣ ብሏል፣ ጎበዝ ይሉኛል። አንድም ቀን ፊትዎን አላጨማደዱም። እኔ ግን አፍር ነበር።

በማግስቱ እውነተኛውን ወሰድኩ። መሐረብ የለ፣ ምን የለ። ሐኪሙ ዕቃዋን ወደ መብራቱ አነሣና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ይህን ነበር የምፈልገው» አለኝ። ለምን እንዳለቀስኩ ግራ ገባው።

በአራተኛው ቀን ባክቴሪያው ተገኘ። ብቻውን ይህን ያህል አይጎዳም አሉኝ። ሰውነት ተቆጥቶ ሊገድለው ሲዘምት ቧንቧውን ራሱን ያቆስለዋል። የቆሰለ ቧንቧ አክታውን መግፋት ያቅተዋል፣ የተኛው አክታ ደግሞ ለባክቴሪያው ቤት ይሆናል። በእርስዎ ሙያ ልንገርዎት፤ ምስጡን እገድላለሁ ብሎ ምሰሶውን በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ማለት ነው። ሁለት ሳምንት መድኃኒት በደም ሥሬ ገባ፤ አሁን በትንፋሽ የሚሳብ ሰጥተውኛል። ቀዶ ጥገናው ቀረ። ለሁልጊዜ አላሉኝም፣ ለአሁን ነው ያሉኝ። ለአሁን ይበቃኛል።

አክታ ማውጣት የምታለማምደኝ ባለሙያ ጀርባዬን እየመታች፣ ይህ ሳንባ እስካሁን የቆየው ያራግፈው የነበረ ሰው ስላለ ነው፣ ማን ነው ሐኪሙ ብላ ጠየቀችኝ። «አናጢ ነው» አልኳት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ። በጊዜው ሳልልዎት የቀረሁትን ሁሉ በዚህ ይቁጠሩልኝ።

አሁን ወደ ደረጃው። በስልክ ስናወራ ስልኩን ከአፍዎ አርቀው እንደሚያስሉ እሰማለሁ። እማዬን ብጠይቃት የእንጨት ብናኝ ነው አለችኝ፣ እርስዎ የነገሯትን። እርስዎም ደህና ነኝ ይሉኛል። ያቺን ደህና ነኝ አውቃታለሁ። በመሐረብ የተጠቀለለችው ናት። ንጹሑን አይላኩልኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ማግስት፣ ከመጋዙ በፊት፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ያንሡ። ያዩትን ሳይደብቁ ለሐኪም ያሳዩ፣ ቀለሙንም ይጻፉልኝ። ፊቴን አላጨማድድም።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። የወንድሜን ሚስት ለላከችልኝ ሹራብ ያመስግኑልኝ፣ ልኬ ነው። ሕፃኑን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ወንድሜ ሐኪም ቤት አብሮዎት ይሂድ፤ ሞተሯ ዛሬ ሳትገፋ ተነሣች ይበሉት።

ልጅዎ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ፣ መስኮቱ አጠገብ
ኅዳር 9 ቀን፣ ጠዋት