የኬብሉ ምልክት ሱቄ በር ላይ ተከምሮ ስለመገኘቱ

ለተከበሩ የውሃ መስመር ዝርጋታ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ ቢሮዎንም ሞቆና ደርቆ፣ ከወለሉ በታች ምን እንዳለ ማሰብ ሳያስፈልግዎ ተደላድለው እንደተቀመጡ ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አዲሱ የውሃ መስመር በሚያልፍበት መንገድ ዳር የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለኝ ነጋዴ ነኝ። ባለፈው ወር መሥሪያ ቤትዎ በሚያስቆፍረው ቦይ ውስጥ ዶማው የኤሌክትሪክ ኬብል መትቶ የሞተው ቆፋሪ ታናሽ ወንድሜ ነው። ስሙን እንዲያስታውሱ አላስቸግርዎትም፤ በሪፖርትዎ ላይ "አንድ የቀን ሠራተኛ" ተብሎ በሚገባ ተገልጿል።

የውሎ ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ አለኝ። የዚያን ቀኑን ገልጬ ሳየው "ሚስማር ተሸጠ፤ የቆርቆሮው ደንበኛ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ ወንድሜ ሞተ" ይላል። በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህም እንዲሁ ነኝ፤ እከፍታለሁ፣ እሸጣለሁ፣ እዘጋለሁ። ስለዚህ በደብዳቤዬ ውስጥ ለቅሶ ቢያጡ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ሳላምታታ በተራ ቁጥር ለማቅረብ እሞክራለሁ።

፩. መሬት ከመቆፈሩ በፊት ከሥሩ ያለው ኬብል በመሣሪያ እንዲፈለግና የሚያልፍበትም በቀለም ምልክት እንዲደረግበት የሚያዝ መመሪያ አለ፤ መሥሪያ ቤትዎም መመሪያውን አክብሯል። ቀያሾችዎ መጥተው፣ መሣሪያቸውን እየጎተቱ፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አሰመሩ፤ እንዲህ ያለ የሚያምር ሥራ በመንገዳችን አይተን አናውቅም። ያሰመሩት በእግረኛ መንገዱ ታይል ላይ ነበር። በማግስቱ ሌላው ቡድንዎ መጥቶ ታይሉን አንዱንም ሳይሰብር አነሣና ሱቄ በር ላይ ከመረው። ወንድሜ የገባው ከዚህ በኋላ፣ ምንም ምልክት በሌለበት አፈር ላይ ነው። "አለቃ፣ ኬብሉ በየት በኩል ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ፎርማንዎ "ምልክት ተደርጎበታል ስልህ! ምን ያስፈራሃል፣ በል ምታ" አለው። ፎርማኑ አልዋሸም። ምልክቱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ፤ ደንበኞቼ ዕቃቸው እስኪጫንላቸው ይቀመጡበታል። የትኛው ታይል የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

፪. ኬብል ሲቀበር ከበላዩ አሸዋ፣ ከአሸዋውም በላይ "ተጠንቀቅ፣ ከታች ኤሌክትሪክ አለ" የሚል ቢጫ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ቆፋሪው ፕላስቲኩን ሲያገኝ እጁን እንዲሰበስብ ነው። በእኛ ኬብል ላይ ፕላስቲክ አልነበረም። ኬብሉን የቀበረው ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ እርስዎን እንደማይመለከት በትዕግሥት አስረድተውናል፤ ገብቶናል። ሆኖም የወንድሜ አስከሬን በተነሣ ማግስት ያው ቢጫ ፕላስቲክ በጥቅልሉ መጥቶ በጉድጓዱ ዙሪያ በእንጨት ላይ ተወጠረ። ከታች ኤሌክትሪክ እንዳለ አሁን መንገደኛው ሁሉ ያነባል። ስለ ፍጥነትዎ እናመሰግናለን።

፫. አጣሪ ኮሚቴዎ "ሟቹ ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረገም" ሲል ጽፏል። ለምርመራ በመጣበት ዕለት ይዘንብ ስለነበር ኮሚቴው ጉድጓዱን የመረመረው ከሱቄ መስኮት ነው። ወንበር ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ።

፬. ይህን ቅሬታ ለማለት ይከብደኛል፤ ደግነት ነውና። መሥሪያ ቤትዎ የቤተሰቡን ችግር ተመልክቶ የወንድሜን ልጅ በአባቱ ምትክ ቀጥሮታል። ደብዳቤውን እንዳነብላት ያመጣችልኝ እናቱ ናት። ልጁ ሰኞ ጠዋት ሥራ እንደሚጀምርና የሚቆፍረውም አባቱ ካቆመበት እስከ መንገዱ ጫፍ ያለውን እንደሆነ አነበብኩላት። "ታዲያ የመብራቱን ገመድ አነሡት?" አለችኝ። አላነሡትም አልኳት። ደብዳቤውን አጣጥፋ ይዛው ሄደች።

ልጁን ለብቻው ጠርቼ ይቅርብህ ስለው "አጎቴ፣ እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይገባበታል፤ ደግሞ ሥራ ነው" አለኝ። እሺ ከእኔ ጋር ሱቅ ዋል አልኩት። "አንተ ስታስነጥስ ይማርህ ልልህ ነው የምትቀጥረኝ?" ብሎ ሳቀብኝ። አባቱም ልክ እንዲህ ነበር የሚያሾፍብኝ።

እንግዲህ ኬብሉ እዚያው ነው፤ መብራቱም ተመልሶ ተለቋል፤ አፈሩ ላይ አንዳች ምልክት የለም። ክቡርነትዎን የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ቀያሾቹ ይመለሱና በዚህ ጊዜ የማይነሣ ነገር ላይ ያመልክቱ፤ እንደ እኔ አስተያየት መሬቱ ራሱ ይበቃል። ኬብሉ ባለበት አካባቢ ዶማ አይነሣ፤ በአካፋ ቀስ እየተባለ ይገለጥ፤ በዓይን እስኪታይም ድረስ መብራቱ ይጥፋ። ይህንኑ ቢሮዎ መጥቼ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊዎ "ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው" ስትለኝ ስለሰነበተች፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ስል በጋዜጣ ለማድረግ ተገድጃለሁ።

ከመሬት በላይ ላለው ነገር ሁሉ ስለሚያሳዩት የማያቋርጥ ትጋት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜና ሰፊ ወንበር እመኝልዎታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
የአንድ የቀን ሠራተኛ ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ መሥሪያ ቤትዎ ለሰኞ ሥራ ከመደብሬ ያዘዛቸው ዶማዎች ተዘጋጅተዋል። መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ መጋዘኑም ተቆልፏል። አፈሩ ላይ ቀለም እስካላየሁ ድረስ አንዱም አይወጣም። ክቡርነትዎ የሚያስቸኩልዎ ጉዳይ ካለ ግን አንዱን መርጬ በስጦታ አበረክትልዎታለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ብቅ ይበሉና የመጀመሪያውን ምት ራስዎ ይምቱልን። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አይዎታለሁ፤ ጠጋ ባለማለቴ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ።