ሥሩ ደም አለው

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሰውመሆን፤

ከሄድህ መንፈቅ አለፈህ፤ እንደምን ሰነበትህ? የሐዋሳው የግንብ ሥራ ወገብህን ጎዳው ወይስ ለመድኸው? ባለቤትህ ፍቅርአዲስስ አገሩ ተስማማት? እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ አባታችንን ብቻ ብርድ ሲሆን ጉልበታቸውን ይጠዘጥዛቸዋል። በስልክ እንዳልነግርህ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ይኸ ወሬ ደግሞ ተቆራርጦ አይወራም።

ያችን የወንዝ ዳር ማሳህን፣ ሞታለችና ባሕር ዛፍ ትከሉባት ብለህ ነበር። አባታችን አርባ ዓመት ያረሷት ናትና ቃሉ ከብዷቸው ከረመ። እኔ ግን አልቆረጠልኝም። ሩዙ እንደተነሣ ሽምብራ ልዘራባት አስቤ የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ አይናለምን አማከርኋት። አንዲት ጥቅል ጥቁር ዱቄት ሰጠችኝ፤ ሕያው ማዳበሪያ ይሉታል። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉበት፣ ከሽምብራው ሥር ገብተው ከአየር ምግብ እየሳቡ ሰብሉንም መሬቱንም ይቀልባሉ አለችኝ። ዘሩን በስኳር ውኃ አርሶ፣ ከዱቄቱ ጋር ለውሶ፣ ፀሐይ ሳያየው መዝራት ነው።

አባታችን ሳቁብኝ። መሬት በጥላሸት አይታለልም አሉ። ያም ሆኖ የዘራን ለት ጋቢያቸውን አውልቀው የተለወሰውን ዘር ሲጋርዱልኝ ዋሉ። ምነው አባቴ ብላቸው፣ ነፍስ አለው አላልሽም እንዴ ብለው ተቆጡኝ።

ታኅሣሥ ላይ ጉድ ፈላ። አረሙን ስነቅል አንዱ የሽምብራ እግር አብሮ ቢነቀል ሥሩን ኪንታሮት ወሮታል። አባታችን ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። የልጄን መሬት በበሽታ አስበላሻት አሉና ማሳውን ሊገለብጡት በሬ ሊጠምዱ ተነሡ። ቀንበሩን ይዤ፣ እስከ ነገ ብቻ ይታገሡኝ ብዬ እያለቀስሁ ለመንኋቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ታገሡ።

በማግሥቱ አይናለም መጣች። አንዷን እባጭ በጥፍሯ ብትሰነጥቃት ውስጧ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነው። በሽታ አይደለም አባቴ፣ ነፍሳቱ ቤት ሠርተው ነው፤ ቀይ ከሆነ እየሠሩ ናቸው አለቻቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት። «ደም አለው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተንበርክከው የተነቀለውን እግር መልሰው ተከሉት። እንደማይጸድቅ ባውቅም አፈሩን አለበስሁላቸው።

የካቲት ላይ አጨድን። ዱቄቱ ያልደረሰው ጥግ ቢጫ ሆኖ ሲቀር፣ የቀረው ፍሬው ተንዠርግጎ ነበር። አውድማው ላይ አባታችን፣ መሬቷ አልሞተችም፣ ተርባ ነው፤ ያስራብኋትም እኔ ነኝ፣ ጻፊለት አሉኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም።

አባታችን ደጉ ግንባርህን ይስሙሃል፤ ለዘር ጊዜ ድረስልኝ ብለዋል። ጎረቤታችን ወገኔ በሬዎችህን በደኅና ይዟቸዋል። ፍቅርአዲስን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። እናታችን ትሩፋት ደግሞ፣ ጥርሴ የማሳህን ሽምብራ ቆሎ ባይችለው ወቅጬ በላሁት በይው ብላለች።

እህትህ እታለም ደጉ
ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል
መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.