የሉዶው ሰርቨር «አጥቂዎች» ከአኑዋር ሱቅ ደጃፍ

ለተከበሩ የሉዶ ጨዋታው ሰርቨር ጥበቃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሰርቨሮችዎ ጤና እመኛለሁ፤ የሰርቨሮቹ ጤና በየሳምንቱ እንደሚታወክ ስለማውቅ ምኞቴ ከልብ ነው። ስንሻው እባላለሁ። የመተማ ልጅ ነኝ፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ ተሻግሬ መመለሻው ጠፍቶብኝ፣ ዛሬ እዚያው በስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የውሃ ቦኖ ወረፋ አስከባሪ ሆኛለሁ። አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. እህቴ ያለምወርቅ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ስልኳ አይሠራም፣ የእኔም ቁጥር ተቀይሯል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ትኑር ትሙት ሳላውቅ ቆየሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ድሮ በስልክ አብረን በምንጫወተው የዳይስ ጨዋታ፣ በሉዶ ላይ ስሟ በድንገት በራ። በሕይወት እንዳለች ጻፈችልኝ፤ ያለችበትን ቦታ ልትነግረኝ ስትጀምር ሰርቨርዎ ወድቆ ጨዋታው ተቋረጠ። ለዚህ ወደር የለሽ የሰዓት አመራረጥ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. በማስታወቂያዎ እንደገለጹት፣ አንድ የተሸነፈ ተጫዋች በየአገሩ የተጠለፉ ኮምፒውተሮችንና የቤት ካሜራዎችን ተከራይቶ በሐሰት ጥያቄ አጥለቅልቆዎታል። ችግርዎ ይገባኛል። እኔም ዘንድ ተራ የሚያዘው በጀሪካን ነው፤ ውሃ የማይቀዳ ሰው መቶ ቀዳዳ ጀሪካን ቢደረድርብኝ፣ ደህናውን ለመለየት እያንዳንዱን ማንሳት አለብኝ፣ እስከዚያም የተጠማው ይቆማል። እርስዎ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ የማይታገሥ ተጫዋች ይዘው፣ ሐሰተኛውና እውነተኛው ጥያቄ አንድ መልክ እያላቸው፣ በቅጽበት መለየት ይጠበቅብዎታል። ከባድ ሥራ ነው። እኔ ግን ቀዳዳ ጀሪካን በዛ ብዬ ቦኖውን በሰፈሩ ሕዝብ ላይ ዘግቼ አላውቅም።

፫. ሰርቨሩ ሲነሳ ወሬው ጣቢያውን አዳርሶ ነበር። ጎረቤቶቼ የሰው ጭንቅ ሲሰሙ ተሰብስበው ማገዝ ልማዳቸው ነውና፣ ሉዶ ምን እንደሆነ የማያውቁት ወይዘሮ ለተትንሳኤ ሳይቀሩ፣ አርባ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ይዘው አኑዋር ሱቅ ደጃፍ ተኮለኮሉ። የጣቢያው ኢንተርኔት የሚመጣው ከአኑዋር ጣሪያ ላይ ካለችው አንዲት የሳተላይት ሳህን ስለሆነ፣ ለእርስዎ ሁላችንም አንድ አድራሻ ነን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብተው፣ እህቴ ስትመለስ የአንዳችንን እንኳ እንድታይ፣ የጓደኝነት ጥያቄ ደጋግመው ሲልኩላት፣ ሰርቨርዎ ጦር መጣብኝ ብሎ አድራሻችንንም የተጫዋች ስማችንንም ለዘጠና ቀን አገደ። ወይዘሮ ለተትንሳኤን በመማረክዎ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ደብዳቤውን በትሕትና የጻፍኩት ቁልፉ በእርስዎ እጅ ስለሆነ ነው።

፬. እገዳው እንዲነሳ ላቀረብኩት ማመልከቻ ማሽንዎ ወዲያው መልሶልኛል። ሌላ ጨዋታ እንድሞክር መክሮኛል።

በዘጠና ቀን እገዳዎ ሥር ሆኜ ለንቁ ጥበቃዎ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ስንሻው
የአርባ ሁለቱ አጥቂዎች አለቃ፣ የቦኖ ቁጥር ሦስት ወረፋ አስከባሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኛ ከታገድን ወዲህ ሰርቨርዎ ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ እርግጠኛ ነኝ ወይዘሮ ለተትንሳኤ አይደሉም። እገዳው ያልነካት፣ ኒው ሀልፋ ከተማ ያለችው ወዳጄ ብርቱካን ለእህቴ ጥያቄ ልካ መልስ አላገኘችም፤ እህቴን ከማታውቀው ሰው ጥያቄ እንዳትቀበል ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ብርቱካን የእኔን ስም ስትፈልግ ደግሞ፣ ታግዷል በማለት ፈንታ፣ «ይህ ተጫዋች ጨዋታውን ትቶ ወጥቷል» የሚል አገኘች። እህቴም ጨዋታውን ስትከፍት የምታነበው ይኸንኑ ነው። ክቡር ሆይ፣ እገዳው ይቆይ፣ ያቺን አንዲት መስመር ብቻ ያጥፉልኝ። እኔ አልተውኳትም።